የቱርቦ መኪናን ማርሚታ በቤት ደጃፍ መቀየር

ፋብሪካው የገጠመውን ማርሚታ አውርዶ ሌላ መስቀል፣ በቱርቦ መኪና ላይ ቤት ውስጥ ከሚሠሩ ሥራዎች ሁሉ ለጀማሪ የሚመች ነው ብዬ አምናለሁ። ሽቦ አይነካም፣ ዘይት አይፈስም፣ ሞተር አይከፈትም። የሚፈለገው ጥቂት ቁልፍ፣ መኪናውን ከፍ አድርጎ የሚያቆም አስተማማኝ ድጋፍ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ትዕግሥት ነው። ይህ ግን የሚሠራው አንድ ድንበር ሲከበር ብቻ ነው፤ ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በስተኋላ ያለውን ይቀይሩ፣ ከእሱ በስተፊት ያለውን አይንኩ። ድንበሩን ያለፈ ሰው ወጪውም አደጋውም የተለየ ሌላ ሥራ ውስጥ ይገባል፤ በሕግም ሊጠየቅ ይችላል።

ለምሳሌነት የመረጥኩት ከ2015 እስከ 2021 ሞዴል ያለውን ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ኤስቲአይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚታይ፣ ዕቃውም በቀላሉ የሚገኝ መኪና ነው። ሞተሩ 2.5 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር ያለው ቦክሰር ሲሆን ጉልበቱ መጀመሪያ 305፣ ከ2019 ሞዴል ወዲህ ደግሞ 310 የፈረስ ጉልበት ነው። ሰዎች የሚወዱት ያ የሚቆራረጥ ጉርምርምታ የሚመጣው፣ ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ወደ ቱርቦው የሚያደርሱት ቱቦዎች ርዝመታቸው እኩል ስላልሆነ ነው። የዚሁ ዘመን ተራው ደብሊውአርኤክስ ሌላ ሞተር አለው፤ ቱቦዎቹም እኩል ናቸው። ስለዚህ ተራውን ይዘው የኤስቲአይን ድምፅ ፍለጋ ማርሚታ የሚገዙ ከሆነ ገንዘብዎን ይቆጥቡ። ድምፁ ይጎላል እንጂ ያ ጉርምርምታ አይመጣም።

አሁን ጭሱን እንከተለው። ከሲሊንደር የወጣው ትኩስ ጋዝ በቱርቦው ተርባይን ውስጥ ሲያልፍ ያሽከረክረዋል፣ ከዚያ ዳውንፓይፕ ወደሚባለው ቱቦ ይወርዳል። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ቀጥሎ በመኪናው ሆድ ሥር የሚያልፈው መካከለኛ ቱቦ አለ፤ ቱቦው ጫፉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ካሉት ድምፅ አፋኝ ማፍለሮች ጋር ይገናኛል። ተርባይኑን የሚያሽከረክረው በፊቱና በኋላው ያለው የግፊት ልዩነት ነውና፣ ከተርባይኑ በኋላ ያለው መንገድ በሰፋ ቁጥር ቱርቦው ቶሎ ይነቃል። «ሞተር ትንሽ የኋላ ግፊት ያስፈልገዋል» የሚባለው ወሬ በቱርቦ መኪና ላይ ከቶ አይሠራም።

ይሁንና መንገዱን ከሁሉ በላይ የሚያጠበው ዳውንፓይፑ ውስጥ ያለው ካታሊቲክ ስለሆነ፣ ከእሱ በኋላ ያለውን ብቻ የቀየረ ሰው የሚያገኘው ጉልበት ጥቂት ነው። የሚያገኘው በዋናነት ድምፅ፣ የክብደት መቀነስና ዝገት የሚቋቋም ብረት ነው። ይህን አምኖ የገባ አይከፋም። ጉልበት ፍለጋ ዳውንፓይፑን የሚቀይር ሰው ግን የኮምፒውተሩን ፕሮግራምም አብሮ ማስተካከል አለበት። ጋዙ እንደልቡ ሲወጣ ዌስትጌቱ (ትርፍ ጋዝ ተርባይኑን ሳይነካ እንዲያልፍ የሚከፈተው በር) ትርፉን ማሳለፍ ያቅተውና የቱርቦው ግፊት ከታሰበው በላይ ይወጣል፤ የነዳጁና የአየሩ ምጣኔም ይዛባል። በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ የፒስተን ቀለበት የሚቀመጥበት ጠርዝ መሰበሩ የታወቀ ድክመት ነው። በቤት ደጃፍ የሚጀመር ሥራ በሞተር ግዢ እንዲያልቅ ማንም አይፈልግም።

የሕጉም ነገር እዚያው ላይ ነው። በአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ማንሳትን ይከለክላል። በ1990 ከተሻሻለ ወዲህ ክልከላው ጋራዦችን ብቻ ሳይሆን መኪናውን ራሱ የሚፈታውን ባለቤትም ይመለከታል። ከካታሊቲኩ ወደ ኋላ ያለው በዚህ አያስጠይቅም፤ የድምፅ ገደብ ግን አለ። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ለአነስተኛ መኪኖች ያስቀመጠችው ጣሪያ 95 ዴሲቤል ነው። ከመግዛትዎ በፊት የሚኖሩበትን ክፍለ ግዛት ሕግ ያንብቡ፤ በተለይ እንደ ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ በሚጠየቅበት ቦታ ያሉ ሰዎች ይህን አይለፉት።

ግዢው ላይ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ ብረቱን። 304 የሚባለው አይዝጌ ብረት የክረምት መንገድ ጨውን ይቋቋማል፤ 409 ርካሽ ነው፣ ውሎ አድሮ ግን ላዩ ይዝጋል። ትንሽ ማግኔት ይዘው ቱቦው ላይ ቢያስጠጉ 409 ይስባል፣ 304 ግን እምብዛም አይስብም። ሁለተኛ ድምፅ የሚያለዝበው ሬዞኔተር እንዳለው ያረጋግጡ። ሬዞኔተር የሌለው ማርሚታ ከተማ ውስጥ ያምራል፤ አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ ከ2,500 እስከ 3,000 ዙር ሲረጋ ግን ጆሮ ውስጥ የሚቀር እምቡምታ ያመጣል። ኋላ ወንበር ላይ ሕፃን የሚያስተኙ ወላጆች ይህን በደንብ ያስቡበት። ሦስተኛ ሳጥኑ ውስጥ አዲስ ጓርኒሲዮንና አዲስ ቡሎን መኖሩን ይዩ። ከሌለ ለብቻው ይግዙ፤ ሥራው ተጋምሶ ዕቃ መደብር መሮጥ አይቻልም፣ መኪናው ተሰቅሏልና።

ቦታውስ? እንደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ባሉ የአሜሪካ ቦታዎች አፓርታማ ውስጥ የሚኖር አንባቢ መጀመሪያ የኪራይ ውሉን ይመልከት፤ በርካታ ውሎች በመኪና ማቆሚያው ላይ ጥገና ይከለክላሉ። ግቢ ያለው ወዳጅ ዘመድ ዘንድ ሄዶ መሥራት ይሻላል፣ ረዳትም እግረ መንገድ ይገኛል። መሬቱ ለጥ ያለ ኮንክሪት ይሁን። አስፋልት ከሆነ በበጋ ሙቀት የድጋፉ እግር ይሰምጣልና ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ብዙ አይደሉም። ባለ ጎማ የወለል ክሪክ፣ አራት ጃክ ስታንድ፣ ታኮ፣ ቡሶላ ከረጅም እጀታ ጋር፣ ቶርክ ቁልፍ፣ የማንጠልጠያ ጎማ ማውለቂያ ፒንሳ፣ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ፣ የሲሊኮን ስፕሬይ፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት። በዚህ መኪና ላይ የሚያጋጥምዎ አብዛኛው ቡሎን በ14 ቁልፍ ይፈታል። መነጽሩን ትርፍ ነገር ነው ብለው እንዳይተዉት፤ ከላይ የሚዘንበው የዝገት ብናኝ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ሥራው የሚጀምረው በዋዜማው ነው። መኪናው ሲቀዘቅዝ ከሥር ገብተው የሚፈቱትን ቡሎኖችና ዳዶዎች በሙሉ በማላቀቂያ ስፕሬይ ያርሷቸው፣ ሌሊቱን ይጥጡ፣ ጠዋት ይድገሙላቸው። ጨው በሚረጭበት አገር ብዙ ክረምት ያሳለፈ መኪና ከሆነ ይህን ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ መጀመር ይበጃል። ግትር ቡሎንን በእሳት ማሞቅ ጋራዥ ውስጥ የተለመደ ነው። እርስዎ ግን አያድርጉት፤ የነዳጅ ታንኩ ከጎንዎ ነው። ከጉዞ በተመለሰ መኪና ሥርም አይግቡ። ማርሚታው ውጪው የቀዘቀዘ መስሎ ቆዳ ሊልጥ ይችላል፣ አንድ ሌሊት ያሳድሩት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ መኪናውን ማንሳት። የሚነሣው ከ1,500 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ መቸኮል የለም። የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ማርሹን አንደኛ ላይ ያስገቡ። ፊቱን ሲያነሡ ታኮው ከኋላ ጎማዎች ጀርባ ይሁን። ክሪኩ የሚያርፍበትንና ስታንዱ የሚቆምበትን ነጥብ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በሥዕል ያሳያል፤ ከሥዕሉ ውጪ ያለ ላሜራ ይጨማደዳል፣ መኪናውም ይንሸራተታል። ሁለቱን የፊት ስታንዶች እኩል ከፍታ ላይ ካቆሙ በኋላ ወደ ኋላው ይሂዱ። ኋላውን ብቻ አንሥቶ መሥራትም ይቻላል፣ ሆኖም መኪናው አዘንብሎ ስለሚቆም መካከለኛው ቱቦ ጋ መድረስ ይከብዳል። አራቱም ላይ ሲቆም ክሪኩን ቀስ ብለው ያውርዱ፣ ከዚያ ባምፐሩን ይዘው ጠንከር አድርገው ይግፉት። የሚወዛወዝ ከሆነ ከሥሩ ከመግባትዎ በፊት እንጂ ከገቡ በኋላ አይወቁት። የተፈቱ ጎማዎች ካሉ በጎኑ ሥር አጋድመው ማስገባት ተጨማሪ ዋስትና ነው። ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ሥር ግን ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን አይግቡ።

ማውረዱ ከኋላ ይጀምራል። እያንዳንዱን ማፍለር ከመካከለኛው ቱቦ ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ቡሎኖች ይፍቱ። ቡሎኑ እምቢ ካለ ወዲያ ወዲህ እያሉ ጥቂት በጥቂት ያላቅቁት። ቢሰበርም ጉዳት የለውም፣ አዲስ አለዎት። ከዚያ የማንጠልጠያ ጎማዎቹ ይቀራሉ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚንገላታው እነሱ ጋ ነው። ማርሚታው ላይ የተበየደው የብረት ዘንግ ጫፉ ጉብ ያለ ስለሆነ በጎማው ቀዳዳ ውስጥ ዝም ብሎ አይወጣም። ሲሊኮን ስፕሬይ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ አቅጥነው በቀዳዳው ዙሪያ ያፍስሱ፣ ጎማውን በጣትዎ ቆንጥጠው ግራና ቀኝ ያሽከርክሩት፣ ሳሙናው ውስጥ ድረስ እንደገባ ሲሰማዎት ፒንሳውን በዘንጉ ጫፍና በጎማው ጀርባ መካከል አስገብተው ይጭመቁ። ተንሸራቶ ይወጣል። የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ አይቀቡ፤ ላስቲኩን ያሳብጠውና ውሎ አድሮ ይበጣጥሰዋል። ጎማዎቹን ከመኪናው ጋር ይተዉአቸው፣ የተሰነጣጠቀውን ብቻ ይቀይሩ።

ሁለቱ ማፍለሮች ከወረዱ በኋላ መካከለኛው ቱቦ ይቀራል። ረዥምና ከባድ ነው፤ ስለዚህ መሐሉን ክሪኩ ይደግፈው ወይም ረዳትዎ ይያዝልዎ። ከዳውንፓይፑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሞላ ያለባቸው ሁለት ቡሎኖች አሉ። ሞላው ተጨቁኖ ስለተቀመጠ መጨረሻ ላይ ሊፈናጠር ይችላል፣ ፊትዎን ዘወር አድርገው ይፍቱ። የመጨረሻውን ማንጠልጠያ የሚያወጡት ቱቦው በሚገባ መደገፉን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ነው። ያወለቁትን ቡሎን፣ ሞላና ሮንዴላ በሙሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ያጠራቅሙ።

ቱቦው እንደወረደ የዳውንፓይፑን አፍ በባትሪ ይመልከቱ። እዚያ የሚቀመጠው ክብ ጓርኒሲዮን ብዙ ጊዜ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የቱቦው አካል ይመስላል። ብዙ ሰው እሱን ሳያይ አዲሱን በላዩ ይደርባል፣ ከዚያ ጭስ የሚያፈስበትን ቦታ ሲፈልግ ይከርማል። በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ዙሪያውን ቀስ ብለው ያላቅቁት፣ የሚያርፍበትንም ቦታ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፣ ከዚያ አዲሱን ያስቀምጡ።

አዲሱን ዕቃ ከመስቀልዎ በፊት መሬት ላይ ከአሮጌው ጎን ዘርግተው ያስተያዩት። ርዝመቱ፣ መታጠፊያው፣ የማንጠልጠያ ዘንጎቹ ቦታ መመሳሰል አለበት። የተሳሳተ ሞዴል የተላከልዎ ከሆነ የሚታወቀው እዚህ ነው፤ አሮጌው ገና ስለሚሠራ መልሶ መስቀል ይቻላል። ቀጥሎ ላዩን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ። አይዝጌ ብረት ላይ የቀረ የጣት አሻራ ሲሞቅ ይጠበስና አይለቅም። ፍሬን ማጽጃ የሚጠቀሙ ከሆነ ክሎሪን የሌለበትን ይምረጡ፤ ክሎሪን ያለበት በኃይለኛ ሙቀት ሲነካ መርዛማ ጋዝ ያመነጫል።

ሲሰቅሉ ከፊት ወደ ኋላ ይሂዱ፤ መካከለኛው ቱቦ፣ ለሁለት የሚከፈለው ክፍል ለብቻው ከመጣም እሱ፣ ከዚያ ማፍለሮቹ። ቡሎኖቹ ጥርስ ላይ ኒኬል ያለበት አንቲሲዝ (ቡሎን እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ቅባት) በስሱ ይቀቡ፣ ወደፊት የሚፈታው ሰው ያመሰግንዎታል። ዳዶዎቹን ሁሉ በእጅ ብቻ ይያዟቸው፣ ምንም ነገር አያጥብቁ። ፊቱን ቶሎ ያጠበቀ ሰው ኋላው ላይ አንዱ አፍ ከባምፐሩ ጋር ተጣብቆ ሌላው ርቆ ያገኘዋል፣ ከዚያ ሁሉንም እንደገና ይፈታል።

ሁሉም ተንጠልጥሎ ሲያበቃ ከመኪናው ጀርባ ሦስት አራት ሜትር ርቀው ይቁሙና የአራቱን አፎች ከፍታ ያስተያዩ። ረዳቱ ከሥር ሆኖ እየገፋ፣ እርስዎ ከሩቅ እያዩ «ትንሽ ወደ ላይ፣ በቃ» ማለት ነው። ቱቦው ደግሞ ሲሞቅ ይረዝማል። ሁለት ሜትር የሆነ የ304 ቱቦ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይለጠጣል። ስለዚህ ከባምፐሩ፣ ከሙቀት መከላከያ ላሜራው፣ ከትራስሚሲዮኑ፣ ከነዳጅ ታንኩና ከፍሬን ቱቦዎች ቢያንስ የአንድ ጣት ውፍረት ክፍተት ይኑረው። ቱቦውን ይዘው ነቅነቅ ያድርጉት። አሁን የሚነካ ነገር መንገድ ላይ ያንቋቋል።

አሰላለፉ ሲያምርዎ ከፊት ጀምረው እያጠበቁ ወደ ኋላ ይሂዱ። የመጠበቂያውን ልክ ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት ይነግርዎታል፤ ቶርክ ቁልፉ ለዚህ ነው። ሞላ ያላቸው ሁለቱ ቡሎኖች ለብቻቸው ይታዩ። መጋጠሚያው ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እንዲላወስ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ሞላውን ጨምቆ ድፍን ማድረግ ስህተት ነው። ሁለቱንም እያፈራረቁ እኩል ያስገቧቸው፣ ከተባለው ልክም አያሳልፏቸው። አንዱ ወገን ብቻ የጠበቀ እንደሆነ ጓርኒሲዮኑ ያዘነብልና ጭስ ያፈሳል። ቱቦ በቱቦ ውስጥ ገብቶ በፋሸታ የሚታሰርበት ማርሚታ ከሆነ ደግሞ፣ የገባውን ርዝመት አስቀድመው በማርከር ምልክት ያድርጉበት። ሲያጠብቁ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ምልክቱ ይነግርዎታል።

ሞተር ከማስነሣትዎ በፊት የሚደረግ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ፍተሻ አለ። አየር ወደ ውጪ የሚነፋ የዎርክሾፕ ቫኪዩም ካለዎት ቱቦውን ከማርሚታው አፎች ባንዱ ያስገቡና የቀሩትን አፎች በጨርቅ ይድፈኑ። ከዚያ በየመጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ይርጩ። የሚያፈስ ቦታ ካለ አረፋው እዚያው ይፈላል። ቀዝቃዛ ብረት ላይ፣ በጸጥታ፣ ያለ ጭስ የሚደረግ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ሲጨርሱ ጨርቆቹን ቆጥረው ያውጡ።

ከዚያ መሣሪያውን ሰብስበው መኪናውን ያውርዱ። መሬት ሲነካ ክፍተቶቹን እንደገና ይመልከቱ፤ የመኪናው ጎማዎች ተንጠልጥለው ሳሉ የኋላው ሳስፔንሽን ወርዶ ነበር፣ አሁን ወደ ቦታው ተመልሷል። ሞተሩን የሚያስነሡት ውጪ፣ ክፍት አየር ላይ ነው። በሩ የተከፈተ ጋራዥም አይበቃም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። መጀመሪያ ላይ ከቱቦው ላይ ቀጭን ጭስና የዘይት ሽታ ይወጣል፣ ከአፎቹም ውሃ ይንጠባጠባል፤ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፣ ጭሱም ጥቂት ከሞቀ በኋላ ይቆማል። ከመሐል «ቲክ ቲክ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ግን የሚያፈስ መጋጠሚያ አለ፤ ሞተሩን ያጥፉ፣ ያቀዝቅዙ፣ ይመለሱበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መስኮት ከፍተው ይንዱ። ራስ ምታት ወይም ማዞር ከተሰማዎ ወዲያው አቁመው ይውረዱ፣ እስኪጠገንም አይንዱት።

160 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ፣ መኪናው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ያንኑ የማንሳት ሥርዓት ጠብቀው ከሥር ይግቡና እያንዳንዱን ቡሎን በቶርክ ቁልፉ ይፈትሹ። ብረቱ ሞቆ ቀዝቅዞ ቦታውን ስለሚይዝ አንድ ሁለቱ ላልተው መገኘታቸው የተለመደ ነው። በየመጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካዩም የሚያፈሰው እዚያ ነው።

አሮጌውን ማርሚታ ለቁራሌው አይስጡት። ያጠራቀሙትን ቡሎንና ሞላ በከረጢቱ እንዳለ በሽቦ ከቱቦው ጋር ይሰሩት፣ ላዩ ላይ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ይጻፉበት፣ ደረቅ ቦታ ያኑሩት። የምርመራ ጣቢያው ድምፁን ካልተቀበለው ወይም መኪናውን የሚገዛው ሰው የፋብሪካውን ከፈለገ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል መልሶ ለመስቀል።